ለልጆቹ ቺፕ ስትሰጡ ቡትሎደሩን ጭናችሁ ስጡ

ሰላም የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንዴት ናችሁ። የምጽፍላችሁ ከጂማ ነው፣ ሄርማታ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ የሰፈር ተማሪዎች እየመጡ አብረን ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጫንበት ቺፕ፣ እንነካካለን።

በቀደም አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ የእንቁላል ማስፈልፈያ ይሰራ ነበር፣ ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ የሚይዝ። ስልጠና የወሰደበት ቦታ ቺፑን እየነቀልክ ፕሮግራመር (ቺፑ ላይ ፕሮግራም የሚጽፍ መሣሪያ) ላይ ሰክተህ ጫን ብለው ነው ያስተማሩት፣ እና ልጁ አንዲት ቁጥር በቀየረ ቁጥር 28 እግር ያለውን አትሜጋ 328 የሚባለውን ቺፕ በካቻቢቴ ከሶኬቱ ይፈነቅላል፣ እግሩን ያቃናል፣ መልሶ ይሰካል፣ እንደዚህ ሲያደርግ ከርሞ 1ኛዋ እግር፣ ቺፑን እንደ አዲስ የምታስነሳው የሪሴቷ፣ ከስሯ ቀነጠሰች። ቺፑን መዳፉ ላይ አድርጎ ዝም አለ። እዚህ ሌላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እስኪመጣ ይጠበቃል። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ቺፑ ውስጥ ቡትሎደር ቢኖር ኖሮ መንቀልም አያስፈልግም ነበር።

ቡትሎደር ማለት ቺፑ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽዬ ፕሮግራም ናት። ኦፕቲቡት የሚባለው ከቺፑ 32 ኪሎባይት ፍላሽ (ፕሮግራም የሚቀመጥበት ቦታ) 512 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ቺፑ ሪሴት ሲደረግ መጀመሪያ እሷ ትነሳና በሰሪያል፣ ማለትም በኬብል ከኮምፒውተር፣ የሚመጣ ነገር አለ ወይ ብላ ለአፍታ ትጠብቃለች፣ ከመጣ ፍላሹ ላይ ትጽፈዋለች፣ ካልመጣ የአንተን ፕሮግራም ታስነሳለች። እኛ ሰፈር ደግሞ ዝናብ ሲጀምር መብራት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፣ እየጫንክ መብራት ቢጠፋ የተበላሸው ያንተ ፕሮግራም ነው እንጂ ቡትሎደሩ አይነካም፣ ሲመጣ እንደገና መጫን ነው።

ከልጆቹ ጋር ፕሮግራም የምንጽፈው በቤዚክ ነው፣ ቤዚክ የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሚሉኝ አሉ። አዎ በ1964 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ነው የተሰራው፣ ግን የተሰራው እኮ ሳይንስ ላልተማሩ ተማሪዎችም እንዲሆን ነው! ባስኮም (ለእነዚህ ቺፖች ቤዚክ የሚጻፍበት ሶፍትዌር) ላይ ዋይት 1 ብለህ ስትጽፍ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፣ ቶግል ስትል የበራው ይጠፋል የጠፋው ይበራል፣ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ተርጓሚው፣ ደግሞ የጻፍከውን ቀድሞ ወደ ቺፑ ቋንቋ ስለሚቀይረው ቀርፋፋ ነው የሚባለው እዚህ ጋ አይሰራም። የባስኮም ነፃው እስከ 4 ኪሎባይት የሚደርስ ፕሮግራም ነው የሚቀበለው፣ ለማስፈልፈያ ከበቂ በላይ ነው፣ ካነሰ ግሬት ካው ቤዚክ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው።

አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር፣ ቡትሎደር ያለበትን ቺፕ መልሳችሁ በፕሮግራመር ከጫናችሁበት መጀመሪያ ሁሉንም ስለሚያጠፋ ቡትሎደሩም አብሮ ይሄዳል። ልጆች ቺፑ ሞተ ብለው ሲጥሉት አይቻለሁ፣ አልሞተም፣ ቡትሎደሩን መልሶ መጫን ብቻ ነው።

ስልጠና የምትሰጡ ሰዎች እባካችሁ ቺፑን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ጫኑለት። ለዚያ አንድ ፕሮግራመር ለመላው ክፍል ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የሚፈልገው አንድ የዩኤስቢ ሰሪያል ኬብል ነው። ጋዜጣችሁም የቴክኖሎጂ ገጹ ላይ ይህንን በአማርኛ ቢያወጣልን ደስ ይለናል።

ልጁ አዲስ ቺፕ አግኝቷል፣ እንቁላሎቹ ዛሬ 14ኛ ቀናቸው ነው፣ 18ኛው ቀን ላይ ማገላበጡን የምታቆመውን መስመር ትናንት ማታ ቺፑን ሳይነካ በኬብል ጫናት። ቡትሎደር የሌለው ቺፕ ያለው ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ይዞ ይምጣ፣ በነፃ እጭንለታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጂማ