«አይሆንም» ስላለችን እናመሰግናለን

ሦስታችን፣ ሠዓሊው፣ ድምፅ ቀራጩና ፎቶ አንሺዋ፣ በስቫልባርድ (የኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች) ባለችው የምርምር መንደር በኒ-ኦሌሱንድ የነበረንን ቆይታ ጨርሰን ኦስሎ በሰላም ገብተናል። ስለ ማዕበሉና ጎጆው ውስጥ ስላለፉት ሁለት ሌሊቶች አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋልና አንመለስበትም። ስልካችን አልነሳ ብሎ የተጨነቃችሁ ግን አንድ ነገር እወቁልን፤ የተዘጋው በማዕበሉ ምክንያት አልነበረም። በዚያ መንደር ዋይፋይም ብሉቱዝም ክልክል ነው። የመሬትን ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚለካው የጂኦዴሲ ጣቢያ ግዙፍ አንቴናዎች በቢሊዮን የብርሃን ዓመታት ርቀት ካሉ ኳሳሮች (እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶች) የሚመጣ እጅግ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ያዳምጣሉ፤ አጠገባቸው የሚበራ አንድ ብሉቱዝ ያንን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሁሉም ሰው ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይከርማል። ላስጨነቅናችሁ ይቅርታ።

ምስጋናውን ከማን እንጀምር የሚለው አላከራከረንም። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች «ቴክኒሻኗ» እያልን እንቀጥላለን።

በደረስን ማግስት ጓዛችንን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግፋ ለሁለት ከፈለችው። ገመድ አልባው ማይክሮፎን፦ አይሆንም። የብሉቱዝ ማዳመጫው፦ አይሆንም። ስትበራ በራሷ ዋይፋይ የምትለቀው ትንሿ ካሜራ፦ ያ እስኪጠፋ ድረስ አይሆንም። ከዚያ ገመዶቹን እያጠፈች አየችና እነሱንም ወደ ጎን አደረገቻቸው። ተራ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ገመድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንደ ሽቦ ይደርቃል፤ በግድ ሲጠቀለል መሰኪያው ሥር ይሰነጠቃል፤ ቀረጻው ውስጥ መንጫጫት የሚገባውም ያኔ ነው። በምትኩ ሲሊኮን የለበሰ 10 ሜትር ገመድ ከራሷ መሳቢያ አውጥታ ሰጠችን። ሲጠቀለል ሰፋ ተደርጎ፣ እሱም ቤት ገብቶ ከሞቀ በኋላ ነው።

ባትሪዎቹ ላይ በፕላስተር ከ1 እስከ 6 ቁጥር ለጠፈች፤ አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ አምስቱ ከሹራብ ሥር ደረት ኪስ። ብርድ የመታው ባትሪ «አለቀ» ቢልም አላለቀም፤ ገላ ላይ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራል። ከውጭ እንደገባ ቻርጅ ላይ መሰካት ግን ይገድለዋል። ከዜሮ በታች ሳለ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ኤሌክትሮዱ ውስጥ ዘልቆ መግባት ያቅተውና ላዩ ላይ ይለበጣል፤ ያ የተለበጠው አቅም ተመልሶ አይገኝም።

ማታ ማታ በሩ ላይ «ከረጢቱስ?» የምትለው ድምጿ አሁንም ጆሯችን ላይ ነው። ካሜራው ገና ውጭ ሳለ የማስታወሻ ካርዱ ይወጣል፤ ካሜራው አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይገባል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይከፈት ይቆያል። አለዚያ የቤቱ እርጥበት የቀዘቀዘው ሌንስ ላይ፣ ብሶም ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል፤ ነገ ሲወጣ ደግሞ በረዶ ይሆናል። ጠመንጃውንም በዚሁ ምክንያት ብርድ ቦታ ነው የምታሳድረው፤ ሙቀት ገብቶ ያላበ ጠመንጃ ውጭ ሲወጣ መዝጊያው ይጣበቃል። የዋልታ ድብ ፊት ለፊት ቆሞ ደግሞ መዝጊያ አይታገሉም።

ጎጆው ውስጥ ያደረገችልንን አንጽፈውም። ጀምረነው ነበር፣ ተውነው።

ወደ ቀለሙ። የአክሪሊክ ቱቦዎቹን በመርከብ እንድናስልክ ያልፈቀደችው እሷ ናት፤ ገና ኦስሎ ሳለን በኢሜይል። አክሪሊክ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም እንደ አይብ ሊቋጠርና ቀለምነቱ ሊቀር ይችላል። የውሃ ቀለም ውጭ ሲሠራበት ወረቀቱ ላይ ቅጠል የመሰለ የበረዶ ጥለት ያወጣል፤ ያምራል፣ ግን ቤት ሲገባ ቀልጦ ሁሉንም ይዞ ይፈሳል። መፍትሔው በውሃው ፋንታ 40 በመቶ ቮድካ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ላይም ይፈስሳል። (በሁዳዴ ጾም ቮድካ ስንገዛ ያያችሁን፣ ብሩሹ ብቻ ነው የጠጣው።) ለንፋሱ ቀን ደግሞ እርሳስ ነው፤ እርሳስ አይበርድም። ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከስኮት ጋር አንታርክቲካ የሄደው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1911 እንዲሁ ነበር የሚሠራው፤ ውጭ በእርሳስ ነድፎ የቀለሞቹን ስም ጥግ ጥጉ ላይ ይጽፋል፣ ቀለሙን ጎጆ ውስጥ ይቀባል።

ከሁሉም የሚበልጥብን የወደቡ ላይ ቀን ነው። መንደሩ ዳር ያለው የኮንግስፊዮርድ ባሕር እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በብርዱ ወራት እንደ ድሮው ስለማይጋገር፣ ሃይድሮፎኑ (የውሃ ውስጥ ማይክሮፎኑ) የሚወርደው በበረዶ ቀዳዳ ሳይሆን ከመርከብ ማቆሚያው ጫፍ ነው። የባሕሩ ሞገድ ገመዱን እየጎተተ ቀረጻው ላይ ጉምጉምታ እንዳያስገባ መሃል ላይ ላስቲክ አሰረችለት፤ ከታች ክብደት። ከበረዶ ግግር ተገምሶ የመጣ ቁራጭ ሲቀልጥ ለዘመናት ታምቆ የኖረው አየር እየፈነዳ ይወጣል፤ ድምፁ ክዳኑ የተደፋበት ፈንዲሻ ነው። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ግን ከኋላው የሚመጣ ድብ አይሰማም። ስለዚህ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች፤ የጠመንጃው ካርታ ጥይት የጎረሰ፣ የመተኮሻ ክፍሉ ባዶ፣ የማስፈራሪያ ሮኬቱ እጇ ላይ። ደረቅ በረዶ ጫማ ሥር ስለሚጮህ አንዲት እርምጃ አልተራመደችም፤ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ ቆማ 40 ደቂቃ። ቀረጻው ላይ ያለው ጸጥታ የእሷ ነው።

ወጥ ቤቱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ነውር ነው። ሁዳዴ ምን እንደሆነ ሲነገረው ምግብ አብሳዩ የዳቦውን ድብልቅ ካርቶን አገላብጦ አነበበና የወተት ዱቄት እንዳለበት ያገኘው ራሱ ነው፤ ከዚያ በዱቄት፣ በውሃ፣ በጨውና በዘይት ብቻ ለየት አድርጎ ይጋግርልን ጀመር። መንደሩ በሙሉ አንድ አዳራሽ ነው የሚበላው፤ በርበሬው የጋለ ዘይት ላይ ያረፈ ዕለት ግማሹ አዳራሽ ሲያስል ቅር አላለውም፣ መስኮት ከፍቶ ምስሩን ቀመሰ። እጅህ ይባረክ።

መንደሩን የሚያስተዳድረው የኪንግስ ቤይ ኩባንያ ሠራተኞች፣ የጀርመንና የፈረንሳይ እንዲሁም የህንዱ ሂማድሪ ጣቢያ ተመራማሪዎች፣ አብራሪዎች፣ የስቫልባርድ ዋና ከተማ የሎንግየርብየን ወዳጆች፣ ካፖርትና ቦት ጫማ ያዋሳችሁን የኦስሎ ሐበሾች፣ በጸሎት ያሰባችሁን ሁሉ፦ እግዜር ይስጥልን።

ስማችሁን ያልጠራናችሁ እንዳትቀየሙን። ከዝርዝሩ ላይ ደጋግመን ሰርዘን ደጋግመን ጽፈናል፤ የተረሳ ሰው መኖሩን እናውቃለን። ማዕበሉ ሲነሳ ያልተቆለፈ በር ገፍተን ስንገባ ሻይ የሰጡን ሰውዬ ለምሳሌ፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም።

ቴክኒሻኗ ሆይ፣ ይህን የሚተረጉምልሽ ሰው እንደማታጪ ተስፋ አለን። ያዋስሽን የሱፍ ጓንት በስህተት እኛ ሻንጣ ውስጥ ተገኝቷል። በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቧል፣ ሲደርቅ በፖስታ ይመጣል። 10 ሜትሩን ገመድ ግን እንድናስቀረው ፍቀጂልን፤ «አይሆንም» ካልሽም እንልከዋለን።

ሠዓሊው፣ ድምፅ ቀራጩና ፎቶ አንሺዋ
ኦስሎ