የአጎቴ ማሲንቆ የማን ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምፅፈው ከመንዝ መሃል ሜዳ ነው። አጎቴ ማሲንቆ ይጫወታል፣ እዚህ አካባቢ ሰርግ ካለ እሱ አይጠፋም፣ ግጥሙንም እዛው ዳሱ ውስጥ ነው የሚፈጥረው። ጥር ላይ አንዱ በሞባይል ቀርፆት ሄደና ኦዲዮውን ኢንተርኔት ላይ በራሱ ስም አስመዘገበው፣ እኛ ከወራት በኋላ የራሳችንን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ስንጭን ኮፒራይት ክሌም፣ ማለት የቅጂ መብቱ የኔ ነው የሚል ጥያቄ መጣብን፣ በገዛ ድምፁ! አጎቴ "ከማን ሰረቅኩ ነው የሚሉት?" ብሎ ሳቀ፣ ከዛ ዝም አለ።

ተቃውሞ አስገባን፣ ሰውየው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፣ እኛ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ እየወጣን ኢሜይል እናያለን።

የቅጂ መብት ህግማ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ2007 ተሻሽሏል፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ መብቱም ባለቤቱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ግን ስራው የተፃፈ ወይ የተቀረፀ መሆን አለበት ይላል፣ እዚህ ጋ ነው ጣጣው፣ አዝማሪ እጁ ማሲንቆ ላይ ነው፣ ቀድሞ የሚቀርፀው ስልክ የያዘው ነዋ!

የወረዳው ባህል ፅህፈት ቤት አንድ መቅረጫ ይዞ ቀን እየፃፈ ቢያስቀምጥልን ምን ነበረበት? ለጊዜው እኔው ሰርግ ለሰርግ እየተከተልኩ እቀርፀዋለሁ፣ ሚሞሪዬ ሞልቷል።