ስለ ፑሊው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን። ወፍጮውም ፑሊው፣ ያ ቺንጊያው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ተሰንጥቆ ቆሞ ከርሞ ከትናንት ጀምሮ እየፈጨ ነው።

ባለፈው በስልክ «አንዲት ፑሊ ለማሠራት ይህን ያህል ጊዜ?» ብለው ተቆጡኝ። እውነትዎን ነው። ግን አባባ፣ ሁለቴ ነው ያሠራሁት። ያን ዕለት ያልነገርኩዎ አፍሬ ነው።

መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። «ልክ እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» አልኩት። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ልክ እንደዚያው ሠራው። አሮጌው ፑሊ ስንት ዓመት ሲበላ የኖረ ነው፤ ቺንጊያው የሚገባበት ቦዩ ሰፍቷል። አዲሱም ሰፍቶ ተወለደ። ቺንጊያው ሰምጦ የቦዩን ወለል ነካ። ቺንጊያ ደግሞ የሚይዘው በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም። እህል ሲገባ ይንሸራተታል፤ ጎማ ጎማ ይሸታል። እኔም ብልጥ ሆኜ ወጠርኩት። ብዙም ሳይቆይ ኩሽኔታው ግሎ እጅ አላስነካ አለ። የመሃል ቀዳዳውም ያው ነው። የለካነው የተላወሰውን ስለሆነ አዲሱ ፑሊ ሻፍቱ፣ ማለትም የወፍጮው ዘንግ፣ ላይ ይንገጫገጭ ነበር።

በሁለተኛው አሮጌውን እቤት ትቼ ሄድኩ። ሻፍቱን ራሱን በካሊፐር ለካሁት፦ 38 ሚሊሜትር። ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የምታያይዘው የሽብልቋ ስፋት 10። ቺንጊያው «ቢ» የሚባለው ነው፣ ከላይ 17 ሰፍቶ 11 ሚሊሜትር የሚወፍረው። ሁሉንም ወረቀት ላይ ሥዬ ሰጠሁት። የሞተሩም ፑሊ ቦይ ተበልቶ ስለነበር ሁለቱንም ፑሊዎች በጊዛ፣ ቀልጦ በሚፈሰው ብረት፣ አሠራሁ።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። የሁለቱ ቦይ ማዕዘን እኩል አይደለም። ትልቁ፣ የወፍጮው፣ 38 ዲግሪ ነው፤ ትንሹ፣ የሞተሩ፣ 34። ቺንጊያ ትንሽ ፑሊ ላይ በጣም ሲታጠፍ ከውስጥ በኩል ወደ ጎን ያብጣል፤ ስለዚህ የራሱ ማዕዘን ይጠባል። ቦዩም አብሮት መጥበብ አለበት። ይህን ሳላውቅ ስንት ቺንጊያ እንደጣልኩ እንጃ።

«የሞተሩን ፑሊ ወርዱን 150 ሚሊሜትር አድርገው፣ ቶሎ ይፈጫል» ያሉኝን አልረሳሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ 125 ነው ያደረግሁት። ሞተሩ በደቂቃ 1440 ጊዜ ይዞራል። ትንሹ 125፣ ትልቁ 300 ሲሆን ወፍጮው 600 ያገኛል። በ150 ቢሆን 720 ነው። ወፍጮው ላይ የተለጠፈው ሳህን ደግሞ ከ600 አይለፍ ይላል። ድንጋይ ከልኩ በላይ ከዞረ ሊፈነዳ ይችላል። ቆሞ የሚፈጨው እኔ ነኝ፣ አባባ።

ማመጣጠኑን ግን እርስዎ እንዳሳዩኝ አደረግሁት። ፑሊውን ዘንግ ላይ ሰክቼ ሁለት የተስተካከሉ ብረቶች ላይ አስቀመጥኩትና ለቀቅኩት። ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመጣል። እዚያ ጎን ላይ ትንሽ በስተን አቀለልነው። ቶርኖ ሠሪው «ማን አስተማረህ?» አለኝ።

ኋላ ሁለቱን ፑሊዎች በተወጠረ ክር አስተካከልኳቸው። አሁን ድምፁ ራሱ ሌላ ነው፤ ሲመጡ ይሰሙታል።

የቀረችው ሽብልቋ ናት። ትንሽ ወፍራ አልገባም ስላለችኝ በተዋስኩት ሞረድ ነው የሞረድኳት። የእርስዎን ትንሿን ሞረድ ግን የት ነው ያስቀመጡት? ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ አጣኋት።

ልጅዎ