ጋኑን የሞሉት ያውቁ ነበር

ለማኅበራችን አባላት፦ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ስንገናኝ «በእኛ ዘመን ተአምር የት አለ?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ ሳንጨርሰው ተበተንን። እኔ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ዮሐንስ በወንጌሉ፣ በቃና ሰርግ ላይ ኢየሱስ ውኃውን ወይን ያደረገበትን ተአምር የሚጠራው «ምልክት» ብሎ ነው። ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ። የድግሱ አሳዳሪ ወይኑን ቀመሰ እንጂ ከየት እንደመጣ አላወቀም። ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ምልክቱን ያዩት ሥራ ላይ የነበሩት ናቸው።

ትናንት ሊጡ ላይ አብሲት ጨምሬ ከደንኩት። ቆይቼ ስከፍተው ኩፍ ብሎ አፉ ድረስ ደርሷል። ፊቱ ላይ አረፋው ጠብ ጠብ እያለ ይፈነዳል። እርሾው ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን እርሾውን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማነው? ስንት ዓመት ስጋግር አንድ ቀን እንኳ ለዚህ ተመስገን አላልኩም። (እንቢ ያለኝ ቀን ግን ማማረር እችልበታለሁ!)

እሁድ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ በሳምንቱ ያያችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም። «የታመመ ዳነ» የሚለውን ብቻ አትጠብቁ።

ዳቦው የኔ ተራ ነው።