ስለ ውርርድ ሱስ ለደጋፊ ማኅበራችን አባላት

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን በመካከላችን በእንግሊዛዊው አጥቂ ኢቫን ቶኒ ላይ የሚሰነዘረው ስድብ አሳዝኖኛል። ጥፋቱን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የውርርድ ደንብን 232 ጊዜ በመጣሱ ለ8 ወራት ታግዷል፤ 50,000 ፓውንድም ተቀጥቷል። ሆኖም ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን የሥነ አእምሮ ሐኪም አስረድቶት የቁማር ሱስ እንዳለበት ስላመነ ከእገዳው 3 ወር ቀንሶ 8 ወር አድርጎለታል። ይህን ከመካከላችን ያነሳ ሰው አላየሁም።

ልብ በሉ፤ ቶኒ በብሬንትፎርድ ሲጫወት ማልያው ደረት ላይ የታተመው የአወራራጅ ድርጅት ስም ነበር! የሚከለክሉትን ነገር አልብሰው ያሰልፉታል። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ማስታወቂያውን ከማልያ ፊት ለማንሳት የተስማሙት ከ2025/26 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ጀምሮ ነው፤ እጅጌው ላይ ግን ይቀጥላል።

በዚያው ዓመት የኒውካስሉ አማካይ ሳንድሮ ቶናሊ በውርርድ ምክንያት በጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለ10 ወራት ሲታገድ፣ ሕክምና እንዲከታተልና ለወጣቶች ቢያንስ 16 ጊዜ ልምዱን እንዲያካፍል ተወስኖበታል። ይህ ዓይነቱ ቅጣት ከባዶ እገዳ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ወጣት ተጫዋች ገንዘብ አለው፣ ከልምምድ በኋላ ረጅም ትርፍ ሰዓት አለው፣ ስልኩም ከእጁ አይለይም፤ ብቻውን ቤት መቀመጥ ደግሞ ለሱሱ ይመቸዋል።

ስለዚህ በቡድናችን ውስጥ የውርርድ ግምትና ትኬት መለጠፍ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ውርርድ ያስቸገረው አባል ካለ ለእኔ ወይም ለጸሐፊያችን በግል ይንገረን፤ ምስጢሩን እንጠብቃለን፣ ሐኪም ዘንድም አብረነው እንሄዳለን።

የማኅበሩ ሰብሳቢ