የሳይንስ ክበብ፦ ክሪፕቶንና የጥንት ውኃ ዕድሜ

የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ሠርቷል፤ ከመሬት በታች ያለ ውኃ መቼ የዘነበ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በዕድሜ ልኬት የተለመደው ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት ወዲያ አያስኬድም፤ ከድንጋይ የሚሟሟ ካርቦንም እየተቀላቀለበት ስሌቱን ያዛባዋል። ከዚያ ለሚበልጥ ጥንታዊ ውኃ የሚሻለው ክሪፕቶን 81 ነው፤ ይህም በአየር ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው የክሪፕቶን ጋዝ ራዲዮአክቲቭ፣ ማለትም በጊዜ ብዛት የሚፈርስ ዓይነት ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በላይኛው አየር ውስጥ ይፈጥረዋል፣ ከዝናብ ጋር ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ከድንጋዩ ጋር አይዋሃድም። የግማሽ ዕድሜው (ከአቶሞቹ ግማሹ የሚፈርሱበት ጊዜ) 229,000 ዓመት ነው።

አስቸጋሪው ማነሱ ነው። በቅርቡ ከአየር የተለየ አንድ ሊትር ውኃ ቢያዝ ሁለት ሺህ ገደማ አቶም ይገኝበታል። የ12ኛ ክፍል አባላት እንዳሰሉት ከእነዚህ አንዱ እስኪፈርስ በአማካይ 165 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚቆጠረው አቶሙ ራሱ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይፋ ሆነ፤ 811 ናኖሜትር የሆነ ሌዘር ለአንዱ አይሶቶፕ (ክብደቱ የተለየ የአንድ ንጥረ ነገር አቶም ዓይነት) ብቻ ተስተካክሎ አቶሙን ያዘገየዋል፣ ወጥመድ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሲያበራ ካሜራ ይቆጥረዋል። በ2004 የግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ውኃ በዚሁ ተለክቶ ከ200,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ከ10 እስከ 20 ሊትር ውኃ ይበቃል።

የአቶሞቹን መፍረስ በ64 የአንድ ብር ሳንቲሞች አሳየን። በጨርቅ ላይ ይበተናሉ (ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነጥረው ይወድቃሉ)፤ አንበሳው የተገለጠው እንደ ፈረሰ አቶም ተቆጥሮ ይነሣል፣ ሚዛኑ የተገለጠው እንደገና ይበተናል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወደ ግማሽ ይጠጋሉ፤ አራት አምስት ሳንቲም ሲቀር ግን ውጤቱ ከቡድን ቡድን ይራራቃል። ክሪፕቶን 81 ከ1.3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የማያስኬደውም በዚህ ነው፤ የሚቀረው ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው።

አብዛኛው ጊዜያችን ግን የሄደው አየርን በመከላከል ላይ ነው። ናሙና ሲወሰድ ቱቦው እስከ ጠርሙሱ ታች ይገባል፣ ውኃው የጠርሙሱን እጥፍ ያህል እስኪፈስ ይተዋል፣ ክዳኑ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይገጠማል። ጋዙን ማውጣት የተለማመድነው በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። 20 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውኃ ይሳባል፣ አየሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ አፉ በጣት ይደፈናል፣ ገፊው እስከ 50 ይሳባል፤ ወዲያው ደቃቅ አረፋ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ማመሳከሪያው ጋዙ በመፍላት የወጣለት፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ነው። እሱም እንደ ቧንቧው ካረፋ ሲሪንጁ አየር ያስገባል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የገፊው ላስቲክ ነው፤ ከደረቀ ይጣል።

ትንሽ አየር ምን እንደሚያበላሽ በስሌት አየነው። ክሪፕቶን 81ዱ ከመቶ አሥር እጅ የቀረለት ውኃ ዕድሜው 761,000 ዓመት ገደማ ነው። ከክሪፕቶኑ ከመቶ አምስት እጁ የዛሬ አየር ቢሆን ግን 638,000 ብቻ ይመስላል። ሰማንያ እጅ የቀረለት ውኃ በዚያው ስሕተት የሚያጣው አራት ሺህ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች ክሪፕቶን 85ንም አብረው ይቆጥራሉ። ይህ ከኑክሌር ነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ፣ የግማሽ ዕድሜው ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ጋዝ ነው፤ ጥንታዊ በተባለ ውኃ ውስጥ ከተገኘ ሹልክ ብሎ የገባ አየር አለ፣ በልኩም ይቀነሳል።

በአረፋው ውስጥ ባለው ክሪፕቶን ዕድሜው የሚለካ የጥንት በረዶም ከዚህ የአየር ችግር አያመልጥም። በአንታርክቲካው ቴይለር ግላሲየር ለአንድ ናሙና 350 ኪሎ ገደማ በረዶ ተቆርጧል። ስንጥቅ ያለበት የውጪው ክፍል ይተዋል፣ አየሩ ተመጥጦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይቀልጣል፤ የሚሰበሰበው በበረዶው አረፋ ውስጥ የነበረው አየር ብቻ እንዲሆን ነው። ለመጪው ዓመት ያቆየነው አርጎን 39ን፣ ሌላውን የሚፈርስ የአየር ጋዝ ነው፤ የግማሽ ዕድሜው 269 ዓመት ስለሆነ ለመቶዎች ዓመታት ውኃ ይስማማል። ሥራውን የ11ኛ ክፍል አባላት ጀምረውታል።