አባባ ስለ ድንጋዩ ጠይቀውኝ ነበር

ወንድሜ፣ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለአባባ የዓይን ሕክምና የላክሁት ብር ገብቷል ተብያለሁ። ቀጠሮው ሳያልፍ ሄደህ ክፈል። የተረፈውን ለሰርግህ እንዳታዞረው። ለሰርጉ ሌላ እልካለሁ።

«ብር ልከሽ ድምፅሽ ጠፋ» ያልከኝ ግን አሳዝኖኛል። ረስቻችሁ አይደለም። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንደምሠራ ታውቃለህ። ፈረቃው አንዴ ቀን፣ አንዴ ሌሊት ነው። እኔ ስገባ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ስነቃ ተኝታችኋል። ሥራው አይከብድም። ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ለእማማ እንዲህ ብለህ ንገራት።

ባለፈው አባባ «ያለሽበት ከተማ በምን ድንጋይ ነው የተሠራው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ ሳልመልስላቸው መስመሩ ተቋረጠ። ዓይናቸው እስኪገለጥ አንተ አንብብላቸው። አንተም ቀያሽ ነህና ደስ ይልሃል።

ያለሁባት የእንግሊዝ ከተማ ባዝ ከሞላ ጎደል በአንድ ዓይነት ድንጋይ ነው የተገነባችው። ኮምብ ዳውን ከሚባል ኮረብታ የወጣ ፈዛዛ ቢጫ የኖራ ድንጋይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅበት ማር ይመስላል። ከካባው ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አየር እያገኘው ሲሄድ ይጠነክራል። የካባው ባለቤት ራልፍ አለን የተባለ ሀብታም ነበር። የእንፋሎት ባቡር ሳይፈጠር በፊት፣ በፈረንጆቹ 1730ዎቹ፣ ድንጋዩን በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ወደ ወንዙ ያወርድ ነበር።

ቀያሹም አርክቴክቱም ጆን ዉድ ይባላል። በ1704 የተወለደ የዚሁ ከተማ ግንበኛ ልጅ ነው። ያኔ ባዝ ትንሽ ከተማ ነበረች። ሀብታሞች ለፍል ውሃው ሲጎርፉ ማደሪያ ጠበባቸው። ዉድ ከአሮጌው ቅጥር ውጭ መሬት በሊዝ ያዘና ሸንሽኖ ለግንበኞች አስተላለፈ። ከውስጥና ከኋላ እንደፈለጉ ይሠራሉ፤ የፊቱ ገጽ ግን እሱ በሳለው መሠረት ብቻ ነው። ክዊን ስኩዌር በሚባለው አደባባይ ሰሜን በኩል ያሉት የተደረደሩ ቤቶች ናቸው፤ ከሩቅ ስታያቸው ግን አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። እኛ ሰፈር አንዱ መስታወት፣ አንዱ ብሎኬት፣ አንዱ ቆርቆሮ የሚያቆምበትን መንገድ አስበው። ከተማ የሚያምረው በብር ብቻ አይመስለኝም። መስመር የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። አንተ ያንን ሰው ሁን።

ከዚያ ሰርከስ የተባለውን ክብ አደባባይ ነደፈ። 33 ቤቶች በሦስት ቅስት ዙሪያውን ቆመዋል። በሦስቱ ፎቅ ላይ ሦስት ዓይነት የጥንት ዓምዶች ተደራርበዋል፤ ከታች ዶሪክ፣ ከመሀል አዮኒክ፣ ከላይ ኮሪንቲያን። ክቡን ያሰበው ስቶንሄንጅ የተባለውን በክብ የቆመ የጥንት ድንጋይ ለክቶ ፕላን ካነሣ በኋላ ነው ይባላል።

የሚቀጥለውን ለአባባ አታንብብ። ዉድ የሰርከስን መሠረት በ1754 አስጥሎ በዚያው ዓመት ሞተ። የጨረሰው ልጁ ነው፤ ስሙም ጆን ዉድ ነው። ልጁ ከዚያ አልፎ ከ1767 እስከ 1774 ሮያል ክሬሰንትን ሠራ፤ በግማሽ ጨረቃ የተደረደሩ 30 ቤቶች ናቸው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የአባባ ጅምር ቤት ይታየኛል። እሳቸው ቱምቢ ጥለው የጀመሩትን አንተ ትጨርሰዋለህ። እኔ ብር እልካለሁ፤ ግድግዳው ሲወጣ ግን አላየሁም። እኔም ደጁ ላይ ቆሜ ውሃና አሸዋ ባቀብል ምን ነበረበት? የሰው አባት ፊት ሳጥብ፣ የኔን አባት ዛሬ ማን ደገፋቸው እላለሁ። ቀርታለች እንዳትሉኝ ብቻ።

ከዚህ በኋላ አንብብላቸው። ጃንሆይ በስደታቸው የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚሁ ባዝ ነው። በኋላ ቤቱን ለከተማው አረጋውያን ብለው ሰጡት። አባባ ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ሙሽራዋን በቪዲዮ ሳያት ወደድኳት። ስልኩን ለእማማ ቀድማ ስትሰጥ አይቻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ለጥሎሽ እንዳትበደር። ድግሱንም ለሰው ዓይን ብለህ አታብዛው። ቤቱ ጣሪያ ይቀረዋል። ቀሚሷን እኔ እልካለሁ። የትከሻዋን፣ የወገቧንና የቁመቷን ልክ በዚህ ሳምንት ላክልኝ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። የአባባ ዓይን ሲፈታም፣ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ።

እህትህ